የሚያቆመው ስም

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ወንዝ ዳር አንዲት ጥሩ መሬት፣ አንዲት ሚስትና አንድ ወንድ ልጅ ነበሩት። ሌላ የለውም፤ ሌላም አያስፈልገውም ነበር።

ስመኝ፣ ቅድም በአጥር ላይ የጠየቅሽኝን መመለሴ ነው፤ አረፍ በይና ስሚኝ። «አዲሱ አስተዳዳሪ እኮ ደግ ሰው ነው፤ መንገዱን አሠራልን፤ ብንታመንበት ምን ክፋት አለው?» ነው ያልሽኝ። ክፉ ሹም ቢሆን ኖሮ አትጠይቂኝም ነበር፤ የክፉውን ነገር ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። የሚቸግረው የደጉ ነው። ስለዚህ ይኼን ገበሬ ልንገርሽ።

ገበሬው በሚኖርበት አገር አንድ የቆየ ወግ ነበረ። ጉልበተኛ ደካማውን ሲገፋ፣ የተገፋው እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «በእግዜር ቁም!» ብሎ ይጮሃል። በዳይ ይኼን ከሰማ ባለበት ይቆማል፤ ዱላ አንሥቶ ከሆነ ዱላው እንደተነሣ፣ የሰው ደጃፍ እየገባ ከሆነ አንድ እግሩ ውስጥ አንድ እግሩ ውጭ እንደሆነ ይቆማል። ሽማግሌ መጥቶ ነገሩን እስኪሰማ ድረስ ንቅንቅ የለም። እሱ ብቻም አይደለም፤ ጩኸቱን የሰማ መንገደኛ ሁሉ የተሸከመውን አውርዶ ይቆማል፤ ምስክር ነውና። ሰካራም እንኳ ያን ስም ሲሰማ ቆሞ ይወዛወዛል እንጂ አይራመድም ነበር። ሰምቶ እንዳልሰማ የሄደ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ ምድጃው ቢጠፋበት ፍም የሚሰጠው ጎረቤት አያገኝም። ሰይፍና ጦር አልነበረበትም፤ ወጉ ይኸው ነበር።

የገበሬው መሬት ከአንድ ሀብታም መሬት ጋር ይዋሰናል። ሀብታሙ ባረሰ ቁጥር አንድ ትልም ወደ ገበሬው ይገባል። የድንበሩ ድንጋይ እግር ያወጣ ይመስል በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ይራመዳል። አንድ ማለዳ ገበሬው ብቅ ቢል፣ ሀብታሙ በሬዎቹን ጠምዶ ከነአሽከሮቹ መሬቱ መሃል ገብቷል። ገበሬው ቀጭን ሰው ነው፤ በትርም አልያዘ። እጁን አነሣና «በእግዜር ቁም!» አለ። ድምፁ እንደ ሴት ድምፅ ቀጥኖ ነው የወጣው።

ሀብታሙ ጅራፉን እንዳነሣ ቆመ። በሬዎቹም ቆሙ። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ሽማግሎቹ ላባቸውን እየጠረጉ እስኪደርሱ ድረስ ያ የተከበረ ሀብታም ዝንብ እንኳ ከፊቱ እሽ ሳይል ቆሞ ቆያቸው።

ነገሩ ለሹሙ ደረሰ። ሹሙ ገና የተሾመ ነው፤ ክፉ ሰውም አልነበረም። ደግሜ ልበልሽ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ከፈረሱ ወርዶ ድንበሩን በእግሩ ሄዶ አየ። ሀብታሙ የላከለትን እጅ መንሻ ከነመሶቡ መለሰበት። «ድሀ ተበድሎ እኔ እህል አልቀምስም» አለ። ለገበሬው ፈረደለት፤ ድንጋዩም ወደ ጥንት ቦታው ተመለሰ።

ገበሬው አፈሩን ጨብጦ አለቀሰ። ከዚያ ተነሥቶ ሮጠና የሹሙን እግር ሳመ።

እንግዲህ ልብ በይ። በሬዎቹን ያቆማቸው ስሙ ነበር። የተሳመው ግን የሹሙ እግር ነው።

ከፍርዱ በፊት ገበሬው ለሚካኤል ስእለት ነበረበት። መሬቱ ከተመለሰለት የዘንድሮውን ማር እንዳለ ለቤተ ክርስቲያን ሊያገባ ተስሏል። ማሩ ተቆረጠ። ሰውየው ማሰሮውን አቅፎ ወደ ሹሙ ቤት ሊወጣ ሲል ሚስቱ በር ላይ ያዘችው።

«አንተ ሰው፣ ያ ማር እኮ ስእለት ነው።»

«ሚካኤል ፈረስ ጭኖ መጣልኝ? የመጣልኝ ሹሙ ነው።»

«ሹሙንስ ማን አመጣው?»

«አንቺ ደግሞ ነገርሽ እንደ በቅሎ ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ኋላ።»

«በቅሎ የምትረግጠው ከኋላዋ የቆመውን ነው» አለችው። «አንተ ከማን ኋላ እንደቆምክ እይ።»

ሳቀባት፤ ማሩንም ይዞ ሄደ። ሹሙ ተቀብሎ አመሰገነው፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው። ገበሬው ያን ትከሻውን ለብዙ ጊዜ ሰው እንዲያይለት ይፈልግ ነበር፤ ነጠላውን እንኳ በዚያ በኩል አያጣፋም።

ከዚያ በኋላ ነው አጠራሩ የተለወጠው። አንድ ቀን የጎረቤት እረኛ ከብት አሰማራበት። ገበሬው እንደ ወጉ እጁን አነሣ፤ አፉ ግን ሌላ አወጣ። «በሹሙ ስም ቁም!» አለ። እረኛው ቆመ ብቻ አይደለም፤ ወድቆ ተንበረከከ። ገበሬው ገርሞት አየው። በእግዜር ስም የቆመ ሰው አይቷል፤ የተንበረከከ ግን አይቶ አያውቅም። ደስ አለው። እግዜር ሲጠራ ሰውን ልቡ ነው የሚያቆመው፤ ሹሙ ሲጠራ ግን ጀርባው ነው፤ ጅራፉን እያሰበ።

ሌላውም አይቶ ተማረ። ገበያ ላይ፣ ወንዝ ላይ፣ አውድማ ላይ ሁሉ «በሹሙ ስም!» ሆነ። ፈጣን ነው፤ ሽማግሌ መጠበቅ የለ፣ ቆሞ መዋል የለ። ቄሱ ራሳቸው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሣር የሚያጭዱትን ሰዎች ያስቆሙት በሹሙ ስም ነው አሉ፤ አፋቸውን ይዘው ዞር ዞር ብለው ሳያዩም አልቀሩ። የጥንቱ አጠራር ለባልቴትና ለለማኝ ቀረ። ወጣቶቹ ሲሰሙት እንደ አሮጌ ዘፈን ይስቁበታል።

ሹሙም ገበሬውን ወደደው፤ የመንደሩ ከብት ሰብሳቢ አደረገው። ድግስ ሲኖር ከየቤቱ የሚወጣውን ከብት እሱ ዞሮ ይነዳል። ሹሙ ዓመት ሳይሞላው ድግስ ወዳጅ ሆኖ ነበር። እንዲህ ነው፤ በአንድ ጊዜ አይበላሽም ሰው። መጀመሪያ መሶብ ይመልሳል፤ ኋላ መሶቡን አስቀምጦ ሰውየውን ይመልሳል፤ ከዚያ ሰውየው ራሱ የመሶቡን ልክ ያውቀዋል።

በዚያ መንደር ጥጥ ፈትላ የምትኖር አንዲት ባልቴት ነበረች። ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት፤ አንዲት ጊደር አለቻት። እንደ ሰው ታናግራታለች። ገበሬው ከሹሙ አሽከር ጋር መጥቶ ገመድ አገባባት።

«የእናቴ ልጅ፣ ይቺን ተዋት» አለችው። «እርጉዝ እኮ ናት፤ ለመስቀል ትወልዳለች።»

«ሹሙ ከብት አለ እንጂ የምትወልድና የማትወልድ ብሎ አልለየልኝም።»

«አንተ በላተኛ፣ ያኔ መሬትህ ሲወሰድ በምን ነበር የጮህከው?»

ገመዱን ጎተተ። ባልቴቷ እጇን አነሣች።

«በእግዜር ቁም!»

የገበሬው እግር ቆመ። ሳያስበው ነው የቆመው፤ እግር የለመደውን ያውቃል። በጎዳናው ወደ ገበያ የሚወርደው ሰው ሁሉ ቆመ። ሴቱ እንስራውን አወረደ፤ ወንዱ አህያውን ያዘ። ጊደሯ ብቻ ታመነዥካለች።

የሹሙ አሽከር ከት ብሎ ሳቀ። «ምነው ጃል? ሹሙ እየጠበቀን አንተ ለአሮጊት ትገተራለህ?»

ገበሬው ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ እያየው ነው። ትከሻው ትዝ አለው፤ ያ የተመታው ትከሻ። ፊቱ ጋለ።

«እኔን የላከኝ ሹሙ ነው» አላት። «ማስቆም ከፈለግሽ በሹሙ ስም በይ።» ገመዱንም ጎትቶ ተራመደ።

አንድ እርምጃ ሄደ፤ ምንም አልሆነም። ሌላ ሄደ። ሰማይ አላጉረመረመም፤ መሬት አልተሰነጠቀችም። ይኼ ነው ክፉው ነገር ስመኝ። መብረቅ ቢወርድ ኖሮ ለሁሉም ይሻላቸው ነበር። ሰዎቹ እርስ በርስ ሳይተያዩ ሸክማቸውን አንሥተው ወደ ገበያቸው ወረዱ። ያን ቀን የተነዳችው ጊደሯ ብቻ አልነበረችም።

እንደ ወጉ ቢሆን ለገበሬው ፍም የሚሰጠው መጥፋት ነበረበት። ግን የሹሙ ሰው ነው፤ ማን ይከለክለዋል? ሁሉም ሰጠው። እንዲያውም ሳይጠይቅ አመጡለት። ያቺ ባልቴት ብቻ በሯን ዘጋች።

ሰነባበተና አንድ የጨው ነጋዴ ወንዝ ዳር ተገድሎ ተገኘ። ገዳዩ ማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የሹሙ ሚስት ወንድም ነው። ጠጥቶ ከነጋዴው ጋር ሲሰዳደብ ያመሸ እሱ ነው፤ በማግስቱም ገረዲቱ ኩታውን ወንዝ ወርዳ ስታጥብ ውሃው ቀልቶ ወረደ። ከታች እንስራ የሚሞሉት ሴቶች አዩት። ሴት እንዲህ ያለ ነገር አይታ ዝም ትላለች? ዝም አሉ። አንደኛዋ «ቀይ አፈር ነው» አለች፤ ሌሎቹም «አዎ፣ ቀይ አፈር ነው» አሉ።

የነጋዴው ወገኖች ግን ብዙ ናቸው፤ ጦራቸውን ይዘው ንጉሡ ዘንድ ደረሱ። ንጉሡም ለሹሙ ላከበት። «ገዳዩን ለሟች ወገን አስረክብ፤ አለዚያ ሹመቱን አስረክብ።»

ሹሙ እህል አልወርድልህ አለው። የሚስቱን ወንድም እንዳይሰጥ ሚስቱ እግሩ ላይ ወድቃለች። ሌላ ሰው ቢሰጥስ፣ ማንን? የሀብታሙን ልጅ ቢይዝ ሀብታሙ ንጉሡ ድረስ ይከሰዋል። የድሀ ልጅ ቢይዝ ድሀው ይጮሃል፤ ጩኸት ደግሞ ይሰማል። ቤት ለቤት በሐሳቡ ዞረ። የማይጮህበት ሰው ፈለገ። አገኘም። ከሁሉ ይልቅ የሚያምነውን ሰው አገኘ።

ገበሬውን አስጠራው። አጠገቡ አስቀምጦ ጠጅ አስቀዳለት። ጠጁ ከዚያ ከስእለቱ ማር የተጣለ ነበር፤ ገበሬው ግን አላወቀውም፤ ጣፈጠው።

«ልጅህን ላክልኝ» አለው ሹሙ። «የሟች ወገኖች ልባቸው እስኪበርድ አንድ ሰው ተይዟል መባል አለበት። ለስሙ ነው። ጥቂት ሰንብቶ ይመለስልሃል።»

«ጌታዬ፣ ልጄ ምን አጥፍቶ?»

«ጥፋት አልኩህ? ታምነኛለህ ወይስ አታምነኝም?»

«ከእርስዎ ሌላ ማንን አምናለሁ ጌታዬ!»

ሹሙ ዓይኑን ወደ ብርሌው መለሰ። ቀና ሳይል «እንግዲያ ጨርስ፣ ጠጣ» አለው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ነገሩን ሰምታ ልጇን ከኋላዋ አደረገችው። «እኔ የወለድኩትን ለሰው አላውስም» አለች።

«ሹሙ ይመለሳል ካለ ይመለሳል። መሬታችን አልተመለሰም?»

«መሬት ቢወሰድ ባለበት ይቆያል። ልጅ እንዲህ ነው?»

አልሰማትም። ልጁ ጎረምሳ ነው፤ መሸሽ ይችል ነበር። ግን አባቱን ያምናል፤ አባቱ ሹሙን ያምናል። ገበሬው የራሱን ጋቢ አለበሰውና እጁን ይዞ፣ በራሱ እጅ ይዞ፣ አድርሶት መጣ። ሲመለስ ለሚስቱ «አየሽ፣ ወንበር ነው የሰጡት» አላት።

በገበያው ቀን ነጋሪት ተመታ። «ገዳዩ ተገኝቷል!» ተባለ። ገበሬው በሬ ሊያይ ወርዶ ነበር፤ ሰው ጎዳናውን ለቅቆ ሲሸሽ ቀና አለ። ፈረሰኞች መጡ። ከፈረሰኞቹ መሃል ጋቢውን አወቀው። ከጋቢው በታች ገመድ አለ። ከኋላ የሟች ወገኖች ጦራቸውን ሰብቀው ይከተላሉ።

ገበሬው ሰዉን እየገፋ ሮጦ መንገዱ መሃል ገባ፤ እጁን አነሣ።

«በሹሙ ስም ቁሙ!»

ከፊት ያለው ያ የጊደሯ ለታ አብሮት የነበረው አሽከር ነው። ፈረሱን ሳያቆም ሳቀ። «አንተ ሰው ጤና የለህም? ከማን ቤት የወጣን መሰለህ?»

ገበሬው አልገባውም። ወይም እንዲገባው አልፈለገም። ከጎን ከጎናቸው እየሮጠ «በሹሙ ስም! በሹሙ ስም!» ይላል። ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል። ሹሙ ካልሰማ እንጂ ከሰማ ይመጣል ብሎ ነው። ሹሙ ሰገነቱ ላይ ቆሞ ሁሉን ያይ ነበር።

ልጁ ከተጫነበት ፈረስ ላይ ሆኖ አየው። አልጮኸም፤ አልተቆጣም። እንደሚለምን ሰው ነው የተናገረው።

«አባዬ፣ ሌላ ስም አታውቅም?»

ገበሬው ደነገጠ። ያን የጥንቱን አጠራር ሲፈልገው ርቆ አገኘው፤ አመዱን ጭሮ ፍም እንደሚፈልግ ሰው ነው የፈለገው። እጁን አነሣ።

«በእግዜር ቁሙ!»

በገበያው ሁሉ ተሰማ። አንዳንዱ እጁን ወደ ሸክሙ ሰደደ፤ ከዚያ ጎረቤቱን አየ፤ ጎረቤቱም እሱን አየ። ማንም አልቆመም። ከመሃል አንድ ድምፅ፣ የማን እንደሆነ አልታወቀም፣ «የጊደሯ ለታ አንተ ቆመህ ነበር?» አለ።

እግዜር የተጠራ ቀን ተራምዶ ማለፍ እንደሚቻል ለዚያ ሕዝብ ያሳየ እሱ ነው። በዚያች አንድ እርምጃ ያስተማረውን አሁን መለሱለት።

አንዲት ሰው ብቻ ቆመች። ባልቴቷ ናት። የጥጥ ቅርጫቷን ከራሷ አወረደች፤ መንገዱ መሃል ፈረሶቹ ፊት ለፊት አስቀመጠችው፤ ከኋላውም ቀጥ ብላ ቆመች። አሽከሩ «ዞር በይ አሮጊት!» አላት። ንቅንቅ አላለችም። ፈረሱ በደረቱ ገጭቶ ጣላት፤ ክንዷ ተሰበረ። ጥጡ በኮቴ ተረግጦ ጭቃ ሆነ። ሁሉም አልፎ ሲሄድ መነሣት ስላቃታት በጉልበቷ ቆማ ነበር።

ልጁን ከኮረብታው ማዶ ለሟች ወገን ሰጡት። ሬሳውን ያመጣችው እናቱ ናት፤ ገበሬው እግሩ አልሄድ ብሎት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ከሱ ጋር አልተነጋገረችም። ምግቡን ታቀርብለታለች፤ ዘወር ትላለች።

ገበሬው የሹሙ ደጅ ሄደ። «ጌታው ተኝተዋል» አሉት። ሌላ ቀን ሄደ። «ጌታው ዘመቻ ላይ ናቸው» አሉት፤ ሳቁ ከውስጥ እየተሰማ። ከዚያ እግሩ ወዳልፈለገው ቤት ወሰደው፤ የባልቴቷ ደጃፍ ላይ ቆመ። ክንዷ በቀርከሃ ታስሯል፤ በአንድ እጇ እንዝርት ለማሾር ትታገላለች።

«እኔ ጊደርሽን ነዳሁ። አንቺ ለእኔ ልጅ ቆምሽ። ስለ ምን?»

«ለአንተ የቆምኩ መሰለህ?» አለችው። «ዓይንህን ባላየው ደስታዬ ነው። የተጠራው ያንተ ስም አይደለም።» በሩንም በእግሯ ገፍታ ዘጋችበት።

ጊዜ አለፈ። ያ ቀይ አፈር ነው የተባለ ደም ዝም ብሎ አልቀረም፤ ከእንስራ ወደ እንስራ ሲተላለፍ የሟች ወገኖች ጆሮ ደረሰ። ያለ ጥፋቱ የሰው ልጅ መግደላቸውን አወቁ። ንጉሡ ሹሙን ሻረው፤ ወታደር ሰዶም አስያዘው። የሚስቱ ወንድም ቀድሞ ጠፍቶ ነበር፤ ሚስቱም ከወንድሟ ጋር።

ፈረሰኛ ወታደሮች ሹሙን በሰንሰለት አስረው ሲነዱት መንገዳቸው በገበሬው መሬት ዳር ነው። ገበሬው እያረሰ ነበር። የሰንሰለቱን ድምፅ ሰምቶ ቀና አለ።

ሹሙ አላየውም። ወታደሮቹን «በንጉሡ ስም ቁሙ! ነገሬ አልተሰማም!» ይላቸዋል። አለቃቸው ሳቀ። «እኛን ማን የላከን መሰለህ?»

ያን ጊዜ ሹሙ ዞር ሲል ገበሬውን አየ። አፉ ተዘጋ። ጥቂት እንደተራመዱ ግን፣ ሰው ሌላ መያዣ ሲያጣ፣ የታሰረ እጁን አነሣ።

«በእግዜር ቁሙ» አለ። ድምፁ እንደ ሴት ድምፅ ቀጥኖ ነው የወጣው።

ገበሬው ጅራፉን እንዳነሣ ነበር። እንዳነሣ ቀረ። በሬዎቹ ቆሙ። በአንጀቱ ውስጥ ያለውን እኔ እንዴት ልንገርሽ? ልጁን ያያል፤ ጋቢውን ያያል፤ ያን ብርሌ ያያል። ሊተፋበት አስቦ አፉ ውስጥ ምራቅ ሞልቷል። ሚስቱ ምሳ ይዛ ከዳገቱ እየወረደች ነው፤ እሷም ሰምታለች፤ እሷም ቆማ የሱን ፊት ታያለች። «ቀጥል፣ እረስ» ብሎ በሬዎቹን ቢመታ ማንም አይፈርድበትም፤ ሰው ሁሉ የእጁን አገኘ ይላል።

ምራቁን ዋጠ። እርፉን ተወና ከእርሻው ወጣ። ፈረሶቹ ፊት መንገዱ ላይ ቆመ።

«ወዳጅህ ነው?» አለው አለቃው።

«ልጄን ያስበላ ሰው ነው።»

«ታዲያ ምን ልሁን ብለህ ትቆምለታለህ?»

«ስም ተጠርቷል» አለ ገበሬው። «ሽማግሌ ይምጣና ይሰማ። እሱም ይናገር። እኔም የምለው አለኝ፤ ከሱ ፊት፣ ከእግዜር ፊት የምለው አለኝ።»

አለቃው በጦሩ እንጨት መታው። ወደቀ፤ ተነሥቶ እዚያው ቦታ ቆመ። ደግሞ መታው። ሲነሣ አጠገቡ ጥላ አየ። ሚስቱ ናት። አገልግሉን መሬት አስቀምጣ ከጎኑ ቆማለች። አላየችውም፤ አላናገረችውም። ቆመች ብቻ።

አለቃው ተሳደበና ፈረሱን አዞረ። በእርሻው መሃል፣ በዚያች ድንበር ላይ፣ አዲሱን ትልም እየረገጡ አልፈው ሄዱ። ሹሙ ሲያልፍ ገበሬውን ዘወር ብሎ አየው፤ እስኪርቅ ድረስም አንገቱን አልመለሰም። ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

ስመኝ፣ የእግዜር ስም ፈረሶቹን አቆመ ብዬ አልዋሽሽም። ያን ቀንም አላቆመም፤ የልጁ ለታም አላቆመም። የሞተውም አልተነሣም። ብቻ ቀጥሎ በዋለው ገበያ አንድ ደላላ የአንዲት ደሀ ልጅ ጭራሮ ቀምቷት ሲሄድ፣ ልጅቷ በለቅሶ «በእግዜር ቁም!» አለች። መጀመሪያ ገበሬው የያዘውን አወረደ። ከዚያ አንዲት እንስራ የተሸከመች ሴት። ከዚያ አንድ አህያ ነጂ። ከዚያ እንስራው ሁሉ መሬት ሲነካ ገበያው ዝም አለ፤ ደላላውም ጭራሮውን እንደያዘ ቆመ። ስሙ ሰው አጥቶ ነበር እንጂ ኃይል አጥቶ አልነበረም።

እንግዲህ መልስሽ ይኼ ነው። አስተዳዳሪው መንገድ አሠራ፤ እግዜር ይስጠው። ግብር ሲል ክፈሉ፤ ስብሰባ ሲል ሂዱ፤ ሲያልፍ ብድግ በሉለት። ግን እሱ ራሱ የበደለሽ ቀን በማን ስም ታቆሚዋለሽ? በራሱ? ከሹሙ በላይ የምትጠሪው ስም ከሌለሽ፣ ደህና የምታድሪው ሹሙ ደግ ሆኖ ባደረ ቀን ብቻ ነው። ሹሞች ፊት ቆሞ ያልተፈረደበት ማን አለ? ጌታችንም ቆሞ ተፈርዶበታል፤ ፈራጁም እጁን ታጠበ። ዛሬ ያን ፈራጅ ማን ያነሣው ነበር? በጸሎተ ሃይማኖት ስሙን የምንጠራው በሱ ዘመን የተሰቀለውን ስናነሣ ነው፤ እሱ በራሱ ማንም አይደለም።

ደግሞ ባለፈው ወንፊት ልዋስ ቤትሽ ስገባ ዓይኔ አላረፈም፤ ታውቂኛለሽ። ባልሽ የሚካኤልን ሥዕል አውርዶ በዚያው ምስማር ላይ የአስተዳዳሪውን ፎቶ ሰቅሏል። ሥዕሉ ከጆንያው ኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። ፎቶውን ቅደጂው አልልሽም፤ ሰው ነው፤ ይከበር። ሥዕሉን ወደ ቦታው መልሺና ለፎቶው ሌላ ምስማር ምቺለት፤ ዝቅ አድርገሽ። ደግ ነው አላልሽኝም? ደግ ከሆነ ዝቅ ብሎ መሰቀሉ አይከፋውም። ከከፋው ደግሞ ያኔ ማንን ሰቅላችሁ እንደነበር ታውቂዋለሽ።